የሱሉልታው የእሑድ ምሳ

ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የሚካኤልም በዓል ነበር። በዚያ ቀን፣ በቀትር፣ ሱሉልታ ውስጥ ከጎጃም መንገድ ፈንጠር ብሎ በቆመው ነጭ ቪላ ለምሳ የተቀመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የአፍሪካ የከብት ጤና ማኅበር ዋና ጸሐፊና የስብሰባው መሪ አቶ ወንዳፍራሽ ነው። ሁለተኛው ምክትሉ አቶ ካሳሁን፣ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ሦስተኛው የሰበታው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ባይሳ ነው። አራተኛው የቪላው ተከራይ ሚስተር ቤልሞን፣ የአንድ ታላቅ መንግሥት አማካሪ ነው። ምግቡን ሠርታ ያቀረበችው ወይዘሮ ድንቅቱ አምስተኛ ሆና በጓዳ ነበረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአምስቱ አንዱ ሞቶ ተገኘ።

ስልኩ ሲጮህ የአዲስ አበባው ፖሊስ ሻምበል አትክልት ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። በዓል ነውና ጎረቤቶቹ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ፤ እሱን የጠራው ሰው ግን አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰዎች ሐዘኑን እንዳይነኩበት ሲጠነቀቁ፣ ሲጠነቀቁ፣ እሱን ራሱን ረሱት። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ ደስ አለው፤ ደስ በማለቱም አፈረ።

በስልኩ የሚናገረው አለቃው ኮሎኔሉ ነበር።

«ሱሉልታ አንድ ሰው ከሰል መርዞት ሞቷል። ሠራተኛይቱ በደንብ ያልተቀጣጠለ ከሰል አስገብታ ነው። እሷን ይዘህ ና፤ ነገሩ ከዚያ አይለፍ።»

«ጌታዬ፣ አስከሬኑን ማን አየው?»

«አትክልት፣ ነገ ጠዋት ትልቅ ስብሰባ አለ። ነገሩ ቶሎ ቢዘጋ ይሻላል።»

«ማን አዘዘ?»

«ማንም አላዘዘም» አለ ኮሎኔሉ። «ቢዘጋ እንደሚሻል ተነገረኝ እንጂ።»

ዕለቱ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ስለሆነ አዲስ አበባ በጢስ ታፍና ነበር። በየደጃፉ ቆሻሻ ይነዳል፣ ሕፃናት በእሳቱ ዙሪያ ይዘላሉ፣ የአላፊ አግዳሚው ዓይን ያነባል። የሻምበሉ ጂፕ ያንን ጢስ እየቀደደች እንጦጦን ወጣች። ከተራራው ወዲያ ማዶ ስትወርድ ዓለም ሌላ ሆነ። የሱሉልታ ሜዳ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ተዘርግቷል። ሣሩ ታጭዶ የድርቆሹ ክምር በየቦታው ቆሟል። ሻምበሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየሩን ሳበ፤ ሆኖም የጢሱ ሽታ አልለቀቀውም።

ቪላው በር ላይ የሱሉልታው ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነገሳ ተቀበለው። ወይዘሮ ድንቅቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሬት ተቀምጣለች።

«ተይዛለች፣ ጌታዬ» አለ ነገሳ።

«ምን ብላ?»

«እንድትያዝ ተባለ፤ ያዝኳት።»

ሻምበሉ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ይነሡና ወንበር ላይ ይቀመጡ። እስካሁን ማንም አልከሰሰዎትም።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ ማን አለኝ ብለህ ነው? እኔ እስር ቤት ብገባ ስንቅ የሚያቀብለኝ ሰው የለም። እዚያው እቀራለሁ።»

ይህን ያለችው ሳታለቅስ ነው። ሻምበሉን የከበደውም ያ ነበር።

አቶ ወንዳፍራሽ የተኛበት ክፍል ትንሽ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ በር። ሰውየው በጎኑ ተጋድሟል፤ ፊቱ በሕይወት እንዳለ ሰው ቀላ ብሏል። የትግል ምልክት የለም። ኮቱ በወንበር ላይ ተሰቅሏል። ኮቱ ጥቁር ነው፤ አንዱ ቁልፍ ግን በነጭ ክር ተሰፍቷል። ሻምበሉ የራሱን እጅጌ አየ። የእሱም ቁልፍ የተሰፋው ባገኘው ክር ነበር። ቁልፍ የሚሰፋለት የሌለው ሰው ስፌት ያስታውቃል።

«ለቤተ ሰቡ ተነገረ?» ሲል ጠየቀ።

«ለማን?» አለ ነገሳ። «ቤታቸው ተደውሎ ነበር። የሚያነሣ የለም።»

አልጋው አጠገብ ማንደጃ አለ። ሻምበሉ በእንጨት ጫፍ ቆሰቆሰው። ከላይ ያለው ከሰል ገና እሳት ያልነካው ጥቁር ነው። ሥሩ ያለው ግን ከሰል አልነበረም፤ የባሕር ዛፍ ፍም ነው፤ የተጠቀለለ ልጣጩ ሳይቀር በአመዱ ውስጥ ይታያል። ሻምበሉ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ ትራሱን ሁሉ አሸተተ። የሚሸተው ያው ጢስ ነው። አፍንጫውን ተጠራጥሮ ወደ እጅጌው አስጠጋ፣ ከዚያም ኮቱን አውልቆ ውጭ በረንዳ ላይ ሰቀለና ተመልሶ ገባ። አሁን ክፍሉ የከሰል ሽታ ብቻ ነበረው።

ወደ ወይዘሮ ድንቅቱ ተመለሰ።

«እናቴ፣ ያ ማንደጃ የርስዎ ነው?»

«የኔስ እዚያው ጓዳ ነው፤ ሂድና እየው። ያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚውለው ነው። ከሰሉም ጆንያው በጓዳዬ ደጅ ቆሟል፤ የፈለገ ይዘግናል።»

«ጓዳ የሚያነዱት ምንድን ነው?»

«ከሰል፣ ኩበት። እንጨት የሚነደው በሳሎን ነው፤ ፈረንጁ እሳት ማየት ይወዳል።»

«ማን አገኛቸው?»

«እኔው ነኝ። ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ዝንጅብል አፍልቼ ወሰድኩ። የኮሪደሩ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተወትፎ አገኘሁት። በእግሬ ገፋ አድርጌ ከፈትኩ።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እሳቸው ሁልጊዜ ‹ድንቅቱ፣ እጅሽ ይባረክ› ይሉኛል። ዛሬ ዝም አሉ።»

«ምንጣፉ የነበረው ከውጭ ነው?»

«ከውጭ ነው እንጂ! ከውስጥ ቢሆን በሩ መች ይከፈትልኝ ነበር?»

ሚስተር ቤልሞን ሳሎን ውስጥ፣ እሳት ከሚነድበት ምድጃ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። አማርኛው የተጠና ነው፤ ስሕተት የለበትም፤ ሙቀትም የለበትም።

«በጣም አዝናለሁ፣ ሻምበል። ጥሩ ሰው ነበሩ።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚህ። ጋዜጣ ሳነብ።»

«ከዚህ ወንበር አልተነሡም?»

«አልተነሣሁም።»

«ማን ገባ? ማን ወጣ?»

«ያየሁት ሰው የለም።»

«በማኅበሩ ውስጥ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«እኔ ሥራ የለኝም። አባል አገሮች አፍሪካውያን ናቸው፤ እያንዳንዱ አገር አንድ ድምፅ አለው። የእኔ መንግሥት ድምፅ የለውም።»

ሻምበሉ በገበታው ዙሪያ የተደረደሩትን ብዙ ወንበሮች ተመለከተ። «ምሳ ግን አለው» አለ።

ሚስተር ቤልሞን ፈገግ አለ። «እንግዳ መቀበል እናንተ ያስተማራችሁን ነው።»

አቶ ካሳሁን በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። ወጣት ነው፤ ልብሱ ያማረ፣ ጫማው ያበራ። ዓይኑ ግን ደጋግሞ ወደ ሳሎኑ መስኮት ይሄዳል።

«ጋሼ ወንዳፍራሽን አጣናቸው፣ ሻምበል! እኔ ነኝ ደግፌ ያስተኛኋቸው። እንደ አባቴ ነበሩ።»

«ማንደጃውን ማን አስገባላቸው?»

«እንጃ። ድንቅቱ ትሆናለች። እኔ ሳስተኛቸው አልነበረም።»

«ምንጣፉስ?»

ካሳሁን አላመነታም። «እሱን እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሳስተኛቸው መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ኅዳር ሲታጠን ነው እኮ! መንደሩ ሁሉ እያጨሰ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ ጢሱ ጋሼን እንዳያስላቸው ብዬ ሄጄ በሩን ወተፍኩ። ለሳቸው ብዬ ነበር።» እጆቹን ዘረጋ። «ምን ላድርግ? ደግነቴ ገደላቸው።»

«ሲወትፉት በሩን ከፍተው አላዩዋቸውም?»

«እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ አልከፈትኩም።»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። የተረዳለት ይመስል ነበር። ካሳሁንም ለመጀመሪያ ጊዜ በእፎይታ ተነፈሰ።

ዶክተር ባይሳ ቪላው ውስጥ አልነበረም። ሻምበሉ አጥሩን ተሻግሮ ሲሄድ ከአንድ ገበሬ ጋር ከአንዲት የታመመች ላም አጠገብ ተቀምጦ አገኘው። ገበሬው ኦቦ ገርባ ይባላል፤ ድርቆሹ የቪላውን አጥር ተጠግቶ ተከምሯል።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ገርባ?» ሲል ሻምበሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠው።

«ነጋ፣ ነጋ። በኅዳር ዝናብና ፖሊስ ለድርቆሽ አይበጁም ይባላል፤ አንተ ምን አመጣህ?» አለና ሳቀ ሽማግሌው።

«ዶክተሩን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ጠይቀው። ከምሳ ጀምሮ ከኔና ከላሜ አልተለየም። ምግብ እንኳን በወጉ ሳይበላ ነው የመጣው፤ ተናዶ።»

ዶክተር ባይሳ ቀና አላለም። «ከጋሼ ወንዳፍራሽ ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት። እኔ ካልነገርኩህ ድንቅቱ ትነግርሃለች።»

«ምን አሏቸው?»

«‹የሰው ምሳ በላተኛ› አልኳቸው።» እጁን በሣር ጠረገ። «ሰበታ ላይ ለከብት ወረርሽኝ የሚሆን ክትባት ሠርተናል፤ ይሠራል። ነገ ስብሰባው የሚወስነው ማኅበሩ የራሱን ክትባት ይሥራ ወይስ ከቤልሞን አገር ይግዛ የሚለውን ነው። ይወስናል ስልህ ውሸቴን ነው። ውሳኔው የሚደረገው እዚህ ነው፣ እሑድ እሑድ። አንዱ የአባል አገር መልእክተኛ ለልጁ ትምህርት ይገኝለታል፣ ሌላው መንገድ ይሠራለታል፣ ሌላው እንዲሁ በስሙ ተጠርቶ በመከበሩ ብቻ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሰኞ እጅ ማውጣት ነው የቀረው። ጋሼ ወንዳፍራሽ ይህንን ሲያዩ ስንት ዓመት ዝም አሉ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሰድቤያቸው ስነሣ እጄን ያዙና፣ ‹ባይሳ፣ ነገ በጉባኤው ፊት ይህን ምሳ እናገራለሁ። ማን ምን እንደ በላ ሁሉ እናገራለሁ› አሉኝ። በሁሉም ፊት ነው ያሉት። እኔ አላመንኳቸውም። እጄን ነጥቄ ወጣሁ።» የላሟን አንገት ዳበሰ። «ያን ጊዜ ቁጭ ብል ኖሮ ብቻቸውን አይተኙም ነበር።»

«ቤልሞን ምን መለሱ?»

«ምንም። እኔ ገና ከበሩ ሳልወጣ ሾርባውን ቀምሶ፣ ‹ስብሰባውን ነገ አቶ ካሳሁን ቢመሩት ለሁላችንም ይቀል ነበር› አለ። እንደዚያ ነው፣ እንደ ቀልድ።»

ሻምበሉ ሲጋራ ከኪሱ አወጣ። ክብሪቱን ሲጭር ኦቦ ገርባ እንደ ወጣት ዘሎ እጁን ያዘውና እፍ ብሎ አጠፋበት።

«ጌታው! ዓይን የለህም? ድርቆሹን አታየውም?»

«ይቅርታ፣ አባቴ። አላሰብኩትም።»

«አምና የደቻሳ ክምር ከአንድ ፍንጣሪ ተነሥቶ የሰፈሩን ሁሉ በላው። ከብቱ በጋውን አልተሻገረም። ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ድርቆሹ ተሸጦ እስኪያልቅ ደጅ ላይ እሳት የሚያነድ ሰው ከኛ ጋር ቀብርም ሠርግም የለውም ተባለ። ይኸው መስከረም ካለፈ ደጅ ላይ ክብሪት የጫረ የለም። አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«ሕጉን የት ጻፋችሁት?»

«ምን ይጻፋል?» አለ ኦቦ ገርባ። «ሁሉም ያውቀዋል።»

ሻምበል አትክልት ሲጋራውን ወደ ፓኮው መለሰው። ለረጅም ጊዜ ሜዳውን ሲያይ ቆየ። ከዚያም «ኦቦ ገርባ፣ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሚስተር ቤልሞን ከወንበሩ አልተነሣም። ካሳሁን ከጎኑ ቆመ። ዶክተር ባይሳ ከመስኮቱ ዘንድ ነው። ነገሳና ኦቦ ገርባ በሩ ላይ ናቸው። ወይዘሮ ድንቅቱ ለመቀመጥ ፈርታ ስትቆም ሻምበሉ ወንበር ሳበላት። በዚያ ገበታ ዙሪያ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ነገሩን ከማንደጃው ልጀምር» አለ ሻምበሉ። «ከላይ ጥሬ ከሰል ነው፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ፍም። ከጓዳ የመጣ ቢሆን ፍሙ የከሰል ወይም የኩበት ይሆን ነበር። ባሕር ዛፍ የሚነደው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚህ፣ ሚስተር ቤልሞን ፊት። ስለዚህ ወይዘሮ ድንቅቱ የሉበትም።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁለተኛው በሩ ነው። ምንጣፉ ከውጭ ተወትፏል። የተኛ ሰው ከውጭ ራሱን አይወትፍም። ዶክተር ባይሳ ከኦቦ ገርባ ጋር ነበር። የቀሩት ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ፣ አቶ ካሳሁን፣ እኔ ነኝ የወተፍኩት ብሎኛል።»

«ለጢሱ ብዬ ነው አልኩ እኮ!» አለ ካሳሁን።

«ብለሃል። ዓይንህን እስኪያቃጥልህ መንደሩ ሲያጥን ነበር ብለሃል። እኔም አምኜህ ነበር፤ ምክንያቱም ክፍሉ ስገባ ጢስ ሸተተኝ። ከዚያ ኮቴን አወለቅሁ፣ ሽታውም አብሮኝ ወጣ። ጢሱን ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ገርባ፣ ዛሬ ሱሉልታ ውስጥ ኅዳርን ያጠነ ሰው አለ?»

ሽማግሌው እንደ ተሰደበ ሰው ቆጣ አለ። «በዚህ ሁሉ ድርቆሽ መሐል? አብደናል እንዴ? ደግሞ እኛ ምን ቆሻሻ አለን? እበቱ ኩበት ነው፣ አመዱ ማሳ ይገባል። ቆሻሻ ማጠን የከተሜ ነገር ነው።»

«የከተሜ ነገር ነው» አለ ሻምበሉ። «ጉለሌ ያደገ ሰው ኅዳር 12 ቀን ጢስ የሌለበት ደጅ አያውቅም። ስለዚህ በሩን ለምን ወተፍክ ሲባል፣ ሳያስብ፣ ያደገበትን ጢስ ጠቀሰ። እዚህ ግን ጢስ አልነበረም። ጢስ ካልነበረ በሩ የተወተፈው አንዳች እንዳይገባ አይደለም፤ አንዳች እንዳይወጣ ነው። ማንደጃው ገና ያልነበረ ቢሆን በዚያ በር እንዳይወጣ የሚከለከል ነገር አልነበረም። በሩን የወተፈው፣ ማንደጃውን ያስገባው ነው።»

እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

«አንድ ነገር ቀረኝ። ፍሙ የተወሰደው ከዚህ ምድጃ ነው። ሚስተር ቤልሞን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ያዩት ሰውም የለም። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።»

ሚስተር ቤልሞን ጋዜጣውን አጠፈው። «አቶ ካሳሁን ፍም ሲወስዱ አይቻለሁ» አለ በእርጋታ። «ጋሼን ላሙቃቸው አሉኝ። ደግነት መሰለኝ። ምንጣፍ አላየሁም።»

ካሳሁን ዞር ብሎ አየው። ገና አሁን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር።

«‹ደግ ነህ› አሉኝ እኮ» አለ። «ፍሙን ይዤ ሳልፍ ቀና ብለው አይተውኝ ‹ደግ ነህ› አሉኝ። የገባዎት መስሎኝ ነበር!»

«ምን ቃል ገብተውልህ ነበር?» ሲል ሻምበሉ ጠየቀ።

«ምንም።»

«ግደል አሉህ?»

«አላሉኝም። ማንም ምንም አላለኝም።» ካሳሁን ገበታው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ቤት ነገር አይባልም፣ ሻምበል። ይገባሃል። የገባው ሰው ያድጋል፤ ያልገባው ይቀራል። እኔ ቶሎ እንደሚገባኝ ሁሉም ያውቃል። ዛሬም የገባኝ መሰለኝ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልፈለግሁም» አለ ሚስተር ቤልሞን፤ ፊቱ ለአፍታ ነጣ። «አስቤውም አላውቅ።»

«አምናለሁ» አለ ሻምበሉ። «ማሰቡን ለሌላ ሰው ትተውታል። የኔ ሕግ ያሰበውንና ያደረገውን ይይዛል እንጂ፣ ቢሆን ይሻላል ያለውን አይዝም።»

ኦቦ ገርባ ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ለነገሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ። ሻምበሉ ምን እንዳለ ጠየቀ።

«‹እኛም ሳንጽፍ ነው የምንተዳደረው፤ ግን ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁሉም ይሰማል› ነው የሚሉት» አለ ነገሳ።

ነገሳ ካሳሁንን ይዞ ወጣ። ሻምበሉ ወደ ኮሎኔሉ ደወለና ገዳዩ መያዙን፣ ሠራተኛይቱ ነፃ መሆኗን ነገረው። ኮሎኔሉ «ደግ አድርገሃል» አለ፤ ድምፁ ግን ደግ አልነበረም። ወይዘሮ ድንቅቱ ዕቃዋን በአንድ ጨርቅ ቋጠረችና፣ ኦቦ ገርባ ቤቱ እንድታድር ስለጋበዛት፣ ቪላውን ለቃ ከእሱ ጋር ልትሄድ ተነሣች። በበሩ ስታልፍ ቆም አለች።

«ልጄ፣ ያ ዝንጅብል ጓዳ አለ። ቀዝቅዞ ይሆናል እንጂ አልተነካም። መንገድህ ብርድ ነው፣ ጠጣው።»

ሻምበሉ ጓዳ ገብቶ፣ ቆሞ፣ ለሌላ ሰው የተፈላውን ዝንጅብል እስከ መጨረሻው ጠጣው። ከዚያም ኮቱን ከበረንዳው አወረደ።

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ስብሰባ በሰዓቱ ተጀመረ። አባላቱ ለአቶ ወንዳፍራሽ መታሰቢያ ለአንድ ደቂቃ ተነሥተው ቆሙ። ዶክተር ባይሳ ስለ እሑዱ ምሳ ሊናገር ቃል ጠይቆ ነበር፤ በአጀንዳው ላይ የለም ተባለ። ክትባቱ ከውጭ አገር እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ወንዳፍራሽ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ሱሉልታ ተቀበረ፤ ቀብሩ ላይ ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ኦቦ ገርባ፣ ዶክተር ባይሳና ሻምበል አትክልት ተገኙ።